ጋጣው፣ ፒያኖውና ውግዘቱ

(ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሜልቦርን ውስጥ ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስጽፈው የደጋገምኩትን ቆርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ፊዝሮይ፣ ብሩንስዊክ ጎዳና ላይ ባሉት ረጃጅም የመንግሥት ፎቆች የሚኖር፣ ወይም ኖሮ የወጣ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ብዙ ነን። እኔም ዘመድ ጥየቃ ስንት ጊዜ ያንን ሊፍት ጠብቄያለሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ሴት የተወለደችው እዚያው ጎዳና ላይ ነው። ጃንዋሪ 15 ቀን 1842። ፎቆቹ አልነበሩም፤ ሜልቦርን ራሷ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ እንደ እኛው ስደተኞች ናቸው፤ ከስኮትላንድ በመርከብ የመጡ። ስሟ ሜሪ መኪሎፕ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ቅድስት ብላ ያወጀችላት የመጀመሪያዋ አውስትራሊያዊት እሷ ነች።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ካቶሊክ አይደለሁም። አብዛኞቻችሁም አይደላችሁም። ደግሞ መነኩሲትን «እሷ» እያልኩ ስናገር እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች ቅር እንዳይላቸው። አንቱ ልላት ሞክሬ ነበር። ግን ትምህርት ቤት ስትከፍት 24 ዓመቷ፣ ስትወገዝ 29 ዓመቷ ነው። የእናንተ ልጆች እኩያ ነች። እምቢ አለኝ።

እኛ መነኩሲት ሲባል የሚታየን ቆቧን ደፍታ፣ መቋሚያዋን ይዛ፣ ዓለም በቃኝ ያለች እናት ነች። ሲስተር ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የሚመጣብን ነርስ ነች። ሜሪ ሁለቱንም አልነበረችም። ጠዋት ተነስታ ክፍል ገብታ ሀ ሁ የምታስቆጥር፣ ማታ ደብዳቤ ስትጽፍ የምታመሽ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ኪራይና ስለ ታመመች እህት ስታስብ የምትነጋባት ሴት ነበረች።

አባቷ አሌክሳንደር የተማረ ሰው ነው። ለቅስና ሮም ድረስ ሄዶ ተምሯል፤ ሳይጨርስ ተወው። ገንዘብ ግን እጁ ላይ አይበረክትም። እርሻ ሞከረ፣ ከሰረ። ሌላ ሞከረ፣ እሱም ከሰረ። እናቷ ፍሎራ 8 ልጆች ወለደች፤ ሜሪ የመጀመሪያዋ ነች። ቤተሰቡ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲንከራተት ነው ያደገችው። በ14 ዓመቷ አንድ የወረቀትና የጽሕፈት ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረች። ደሞዟ ለቤቱ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ላብራራው አያስፈልግም።

በ18 ዓመቷ ፔኖላ የምትባል የገጠር ከተማ ሄደች። ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ነች። አጎቷና አክስቷ እዚያ ርስት ነበራቸው፤ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ እንድታስተምር ነው የጠሯት። ሜሪ የዘመዶቿን ልጆች ስታስተምር በዙሪያው ያሉትንም የሠራተኛ ልጆች እየጠራች አብራ ታስቀምጣቸው ጀመር።

እዚያ አንድ ቄስ አገኘች። አባ ጁሊያን ቴኒሰን ዉድስ። ለንደን የተወለዱ፣ ድንጋይና ቀንድ አውጣ የሚሰበስቡ፣ ስለ ሥነ ምድር መጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸው። አጥቢያቸው ከ50,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፈረስ ነው የሚያዳርሱት። በሄዱበት ሁሉ የሚያዩት አንድ ነገር ነው፦ የበግ እረኛው፣ የእንጨት ቆራጩ፣ የትንሹ ገበሬ ልጅ ፊደል ሳይቆጥር ያድጋል። ደቡብ አውስትራሊያ በ1851 መንግሥት ለሃይማኖት የሚሰጠውን ድጎማ አቁሞ ነበር። ካቶሊኮቹ ደግሞ አብዛኞቹ ድሃ አየርላንዳውያን ናቸው። አስተማሪ መቅጠር የሚታሰብ አይደለም። ከአውሮፓ መነኮሳት ቢመጡም የሚፈልጉት ከተማ ውስጥ ትልቅ ገዳም ነው፤ ለሦስት የእረኛ ቤተሰብ ብሎ ጫካ የሚገባ የለም።

ሁለቱ ለዓመታት ሲመካከሩ ቆዩ። በ1866 መጀመሪያ ሜሪ ከሁለት እህቶቿ ጋር ፔኖላ ተመለሰችና ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቤቱ የፈረስ ጋጣ ነበር። አገልግሎት ያቆመ ጋጣ። ወንድሟ ጆን መጥቶ ጠጋገነው፤ ፈረስ የቆመበት ወለል ላይ ልጆች ተቀመጡ። ያን ዓመት በማርች 19፣ በቅዱስ ዮሴፍ ቀን፣ ሜሪ ጥቁር ተራ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ሥርዓት የለም፣ ጳጳስ የለም፣ እልልታም የለም። ራሷን ለዚህ ሥራ መስጠቷን የሚያሳይ ልብስ ብቻ። በሚቀጥለው ዓመት አደሌድ ሄዳ ኦገስት 15 ቀን መሐላዋን ፈጸመች። የምንኩስና ስሟ «የመስቀሏ ማርያም» እንደማለት ነው። ስሙን እንግዲህ አስታውሱት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደንቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያለ እሱ ቀሪው ታሪክ አይገባም።

አባ ዉድስ ለአዲሱ ማኅበር፣ ለ«ቅዱስ ዮሴፍ እህቶች»፣ የጻፉት ደንብ ለዘመኑ እንግዳ ነበር። እህቶቹ ገዳም አይሠሩም። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሰው በሚኖርበት ዓይነት ጎጆ ይኖራሉ። ባቡር ሐዲድ የሚነጠፍበት ካምፕ ከሆነ እዚያ፣ ማዕድን የሚቆፈርበት ከሆነ እዚያ። ሕዝቡ ሲነሳ ይነሳሉ። ንብረት የላቸውም። የሚችል ወላጅ ትንሽ ይከፍላል፤ የማይችል ልጁን ብቻ ይልካል። የመንግሥት ገንዘብ አይቀበሉም። ሲቸግራቸው እንደ ቆሎ ተማሪ በየደጁ ይለምናሉ። ልዩነቱ፣ የእኛ ቆሎ ተማሪ ሊማር ይለምናል፤ እነሱ ሊያስተምሩ ነው።

ሌላም አለ። ፒያኖ ማስተማር ክልክል ነው።

ሳቃችሁ ገብቶኛል። ግን ስሙኝማ። በዚያ ዘመን የመነኮሳት ትምህርት ቤት ገቢ የሚያገኘው የሀብታም ሴት ልጆችን ፒያኖ በማስተማር ነው። ፒያኖ ካለ ከፋይ ይመጣል። ከፋይ ከመጣ ለከፋዩ ልጅ የተሻለው ክፍል ይሰጣል። ከዚያ ያቺ ጫማ የሌላት ልጅ ቀስ በቀስ ወደ ጓሮ ትገፋለች። ይህን ማንም አስቦ አያደርገውም፤ በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነገር ነው። ደንቡ በሩን አስቀድሞ ዘጋው። በኋላ ዘመን እህቶቹም ሙዚቃ ማስተማራቸው አልቀረም። መጀመሪያ ላይ ግን እምቢታው የጠነከረ ነበር።

አንዱ አንቀጽ ደግሞ ዳፋው የከፋ ሆነ። እህቶቹ የሚተዳደሩት ከመካከላቸው በሚመርጧት በአንዲት ጠቅላይ እመ ምኔት ነው እንጂ በየሀገረ ስብከቱ ጳጳስ አይደለም። ነገሩ የቢሮክራሲ ጉዳይ ይመስላል። ግን አስቡት። ሁለት እህቶች አንድ የማዕድን ካምፕ አሉ። ማዕድኑ አለቀ፣ ሰዉ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ሌላ ጳጳስ ግዛት ገባ። እህቶቹ የጳጳሱ ከሆኑ እዚያው ይቀራሉ። የማኅበሩ ከሆኑ ድሃውን ተከትለው ይሄዳሉ። ሜሪ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጋጭ የኖረችው በዚህች አንቀጽ ነው። የሃይማኖት ክርክር አልነበረም። ጥያቄው እነዚህን ሴቶች «እዚህ ቆዩ፣ እዚያ ሂዱ» የሚለው ማነው የሚል ነበር።

ማኅበሩ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። በ1869 መጨረሻ ከ70 በላይ እህቶች 21 ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። በ1871 ቁጥራቸው ወደ 130 ደርሷል፤ ኩዊንስላንድም ገብተዋል። ቡናማ ቀሚስ ስለሚለብሱ ሰዉ «ቡናማዎቹ ጆይዎች» ይላቸዋል። ጆይ የዮሴፍ ማቆላመጫ ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ የካንጋሮ ግልገል ማለት ነው። ስሙ ይመቻል አይደል? እየዘለሉ ነበር የሚሄዱት።

እንዲህ ሲፈጥን ጣጣ አይጠፋም። እህቶቹ ልጅ እግር ናቸው፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ብዙ አልተማሩም። አባ ዉድስ ገንዘብ አያያዝ አያውቁበትም፤ ዕዳ ተከመረ። ራእይ እናያለን የሚሉ ሁለት መነኮሳትን አምነው ሌላ ትርምስ ውስጥ ገቡ። ቀሳውስቱ ማጉረምረም ጀመሩ። ጉርምርምታው ሁሉ ሐሜት አልነበረም፤ እውነትም ነበረበት።

የአደሌድ ጳጳስ ሎረንስ ሺል ሮም ለጉባኤ ሄደው በ1871 ሲመለሱ አቤቱታ ጠበቃቸው። በፊት ደንቡን ያጸደቁት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። አሁን ሊለውጡት ፈለጉ። እህቶቹ ለሁለት ይከፈሉ ተባለ፦ የተማሩት ያስተምራሉ፣ ያልተማሩት ያበስላሉ፣ ያጥባሉ። የወይዘሮና የገረድ ነገር። ሁሉም በአጥቢያው ቄስ ሥር ይሁን። ሜሪ በትሕትና ጻፈች፦ ደንቡ ከተለወጠ የገባሁበት ማኅበር አይደለምና መውጣት ይኖርብኛል።

ሴፕቴምበር 22 ቀን 1871። ሜሪ አሟታል። እህቶቹ አደሌድ ባለው ቤታቸው ጸሎት ቤት ተሰበሰቡ። ጳጳሱ ቀሳውስት አስከትለው፣ አክሊላቸውን ደፍተው፣ በትራቸውን ጨብጠው ገቡ። ሜሪን ተንበርከኪ አሏት። ተንበረከከች። አለመታዘዝን ምክንያት አድርገው በእህቶቿ ፊት አወገዟት።

እናንተ ውግዘት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እዚህ አገር ተወልዶ ላደገው ልጄ ይህን ቃል ላስረዳው ስሞክር አልቻልኩም፤ ከሥራ መባረር መሰለው። እኔ እንኳ ካቶሊክ ሳልሆን ስሰማው ይቀፈኛል። ቁርባን የለም። የሚያስጠጋት ካቶሊክ ራሱ ችግር ውስጥ ይገባል። ሜሪ በኋላ ስለዚያ ቀን ስትጽፍ በሕልም ውስጥ ያለሁ መሰለኝ አለች። ጳጳሱንና ቀሳውስቱን እንደምትወዳቸው፣ ምሬትም እንዳልተሰማት ጽፋለች። እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሳነብ መጀመሪያ አላመንኳትም። ሌሎቹን ደብዳቤዎቿን ሳነብ ግን ሴትየዋ ይህችው ነች፤ አስመሳይ አይደለችም።

47 እህቶች ተባረሩ፤ አብዛኛው ትምህርት ቤት ተዘጋ። የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሱት ሌላም ምክንያት አለ። እህቶቹ አንድ ቄስ በልጆች ላይ ጥቃት እንደሚያደርስ ሰምተው አሳውቀው ነበር። ቄሱ ወደ አየርላንድ ተላከ፤ ጳጳሱ ዘንድ የሚሰማ ወዳጁ ቂም ያዘ ይባላል። ይህ በሰፊው የተወራው በ2010 ቅድስናዋ ሊታወጅ ሲል ነው። የውግዘቱ ብቸኛ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይቻልም። እህቶቹ ዝም አለማለታቸውን ግን ልትይዙልኝ እፈልጋለሁ።

ታዲያ ማን አስጠጋቸው? ኢማኑኤል ሰሎሞን የሚባል ነጋዴና የምክር ቤት አባል ያለ ኪራይ ቤት ሰጣቸው። አይሁዳዊ ነው። በወጣትነቱ በእስረኝነት ተግዞ አውስትራሊያ የገባ ሰው ነው፤ የተገፋ ሰው ምን እንደሚመስል ሳያውቅ አይቀርም። ኢየሱሳውያን ካህናትም አልከዷትም። የሀብታም ሚስት የነበረችው ፕሮቴስታንቷ ጆአና ባር ስሚዝ ደግሞ ዕድሜ ልክ ወዳጇ ሆነች። ጆአናን አትርሷት፤ መጨረሻ ላይ ትመጣለች።

አምስት ወር እንዲህ አለፈ። ጳጳስ ሺል ታመሙ። በፌብሩዋሪ 1872 ሞት አፋፍ ላይ ሆነው ውግዘቱ እንዲነሳላት አዘዙ። ከቀናት በኋላ ዐረፉ።

እዚህ ላይ ከአዳራሹ አንዲት ወጣት ጠየቀችኝ፤ ጥያቄዋን ልጻፈው። «ለምን ትታቸው አልወጣችም? እህቶቹ ይከተሏት አልነበር? የራሷን ነገር አትመሠርትም ነበር?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነበር። አንደኛ፣ አማኝ ነች፤ ቤተ ክርስቲያኗ ለእሷ ቤቷ ነች እንጂ ቀጣሪዋ አይደለችም። ሁለተኛ፣ መንገድ ነበራት። ለእህቶቿ በጳጳሱ ላይ ክፉ ቃል እንዳይወጣችሁ ስትል ቆይታ፣ አንቀጿን ይዛ ከጳጳሱ በላይ ወዳለው ወንበር ሄደች። ልጅቷ በመልሴ ብዙም የረካች አልመሰለኝም። ይሁን።

በ1873 በመርከብ ሮም ሄደች። 31 ዓመቷ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 9ኛን አገኘች። ውሳኔው እስኪወጣ ስኮትላንድ፣ አየርላንድ፣ እንግሊዝ ዞረች፤ ትምህርት ቤቶች ጎበኘች፣ መጽሐፍና ገንዘብ ለመነች። በጃንዋሪ 1875 ስትመለስ 15 አየርላንዳውያት አብረዋት ነበሩ።

ሮም ዋናውን አንቀጽ አጸናላት፦ አንዲት እመ ምኔት፣ አንድ ማኅበር። ንብረት አይኑራችሁ የሚለውን ግን አነሳችው፤ ቤት አልባ ማኅበር ዘላቂ አይሆንም ተባለ። አባ ዉድስ ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት። በ1889 ከመሞታቸው በፊት ከእሷ ጋር ታርቀዋል፤ ወደ ማኅበሩ ሥራ ግን አልተመለሱም። ከጳጳሳቱ ሁሉ ይልቅ ያቆሰላት ይህ ቅያሜ ይመስለኛል። ጋጣውን አብረዋት ያለሙ ሰው ናቸውና።

ፊርማውን ይዛ ብትመጣም ጳጳሳቱ አልተዋትም። የባተርስት ጳጳስ ማቴዎስ ኩዊን መነኮሳቱ የእኔ ይሁኑ አሉ፤ በ1876 ማኅበሩ ተሰነጠቀ፣ ከጳጳሱ ጋር የቀሩት ጥቁር ለበሱ። ብሪዝቤን የነበሩት ጳጳስ ደግሞ የእሳቸው ወንድም ናቸው፤ እዚያም ያው ሆኖ እህቶቹ ኩዊንስላንድን ለቀው ወጡ። በ1883 የአደሌዱ ጳጳስ ሬይኖልድስ፣ ድሮ ደጋፊዋ የነበሩት፣ መርማሪ አቋቁመው ከከተማዋ አስወጧት። አንዱ ክስ መጠጥ ትወዳለች የሚል ነበር። ሜሪ ከባድ የወር አበባ ሕመም ነበረባት፤ ሐኪም ብራንዲ ያዝላት ነበር። ለዘመኑ መድኃኒት ነው። ሐሜቱ ግን ከሞተች በኋላም አለቀቃት። የቅድስናዋ ምርመራ በ1931 በዚሁ ሰበብ ቆመ፤ ሮም ያለው ሰነድ ወጥቶ ስሟ እስኪጠራ 20 ዓመት ግድም ፈጀ። ከወንድ ቅዱሳን ስንቱ በወይን ተጠይቆ ይሆን? ይህን እንደ ዘበት ነው የማነሳው።

ሲድኒ ገባች። በ1885 ካርዲናል ሞራን ምርጫሽ አይጸናም ብለው ሌላ እመ ምኔት ሾሙ። ሜሪ የራሷ ማኅበር ውስጥ ረዳት ሆነች፤ 13 ዓመት። በዚህ መካከል፣ በሜይ 1886፣ እናቷ ፍሎራ ከሜልቦርን ወደ ሲድኒ ስትመጣ መርከቧ ግሪን ኬፕ ላይ ተሰባብራ ሰጠመች፤ ከ71 ሟቾች አንዷ ፍሎራ ነበረች። በ1888 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ማኅበሩን በሙሉ ሥልጣን አጸደቁት። ያች አንቀጽ ጸናች። ሜሪ ግን ያን ጊዜ አለቃ አልነበረችም፤ ሌላ ሴት ሥር ሆና ነው የሰማችው።

እህቶቿ በ1899 እንደገና መረጧት። በ1902 ኒውዚላንድ፣ ሮቶሩዋ ላይ ስትሮክ ጣላት። ቀኝ ጎኗ ከዳት። ያቺ ሌሊቱን ደብዳቤ ስትጽፍ የምታነጋ ሴት እጇ አልታዘዝ አላት። ምን አደረገች? በ60 ዓመቷ በግራ እጇ መጻፍ ተማረች። ፊደል ከምታስቆጥራቸው ሕፃናት እኩል፣ መስመሩ እየተንጋደደ። በ1905 በተሽከርካሪ ወንበር ላይ እያለች እንደገና መረጧት።

ኦገስት 8 ቀን 1909 ሰሜን ሲድኒ ዐረፈች። በጋጣ የተጀመረው ያን ጊዜ 117 ትምህርት ቤት፣ ከ12,000 በላይ ተማሪ ነበረው።

ከዚህ በኋላ ያለው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጎር ሂል መቃብር ተቀበረች። ሰዉ እየመጣ ከመቃብሯ ላይ አፈር እየዘገነ ይሄድ ጀመር። እኛ ገዳም ሄደን እምነት በላስቲክ ቋጥረን እንደምንመለሰው ነው። ማንም አላዘዛቸውም፣ ቅድስት ናት ያለም የለም፤ አዋጁ የመጣው ከ101 ዓመት በኋላ ነው። ታሞ ያስታመመችው፣ ልጁን ያስተማረችለት፣ ያ ሁሉ በየተራ ቆንጥሮ ሄደ። አፈሩ እንዲህ ሲዘገን እህቶቹ በ1914 አስከሬኗን አውጥተው ማውንት ጎዳና ወዳለው ጸሎት ቤታቸው አዛወሩት። አሁን ያለችበትን የእብነ በረድ መቃብር ያሠራችላት ጆአና ባር ስሚዝ ነች፤ ያቺ ፕሮቴስታንቷ።

ሲድኒ የምትሄዱ ካላችሁ ከሰሜን ሲድኒ ባቡር ጣቢያ በእግር ቅርብ ነው። አፈር ግን አታገኙም። ሰዉ አሁን መዳፉን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆሞ ይሄዳል።